የራሳቸውን ሬድዮ መጠገን ያቃታቸው ሰው

የጋሼ እንድሪስን ሞት የሰማሁት በማይሆን ቦታ ቆሜ ነው። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ባንኮኒ ላይ ላፕቶፔን አስቀምጬ፣ ጠጋኙ ወጣት «ሲሞቅ ራሱ ይጠፋል ወይስ አንተ ነህ የምታጠፋው?» እያለ ሲጠይቀኝ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። እናቴ ክፉ ወሬ ያላት እንደሆነ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ አውርታ፣ ጤናዬን ሦስት ጊዜ ጠይቃ ነው ወደ ነገሩ የምትገባው። የዚያን ቀን ግን መግቢያም አላበጀች።

«ጋሽ እንድሪስ አረፉ» አለችኝ። «ሱብሂን ሰግደው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ቶሎ ና።»

ላፕቶፑን ከልጁ እጅ ነጥቄ ወጣሁ ማለት ይቻላል። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ከኋላዬ ተጣራ። እሱ ምን ያጠፋል! ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መርሳ ላይ እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ተቀምጦ እኔ የሞቀ ላፕቶፕ ተሸክሜ ወልድያ ድረስ የመጣሁበትን ምክንያት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ ዛሬም ድረስ አንገቴን ያስደፋኛል።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ገና ለብ እንዳለ ነበር። እጄን ጣል አደረግሁበት። እሳቸውም መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ጋሼ እንድሪስ የሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ከአንድ አልጋ የማትሰፋ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። ሬድዮ እየቀረ ሲሄድ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ሞባይል፣ ከዚያ ላፕቶፕ መጠገን ጀመሩ። ማን አስተማራቸው ብትሉ፣ ሰው የጣለውን የሞተ ላፕቶፕ እየሰበሰቡ፣ እየፈቱ፣ መልሰው እየገጠሙ ነው የተማሩት። «የሞተ ማሽን ጥሩ መምህር ነው፤ አይቆጣም» ይሉ ነበር።

አሠራራቸው ከማንም አይመሳሰልም። ባለቤቱ በሌለበት ካቻቢቴ አያነሱም። «ባለቤቱ ይየው» ብለው በርጩማ ይሰጡሃል፣ ፊትህ ይፈቱታል። ሲጨርሱ ከክዳኑ በውስጥ በኩል በሽታውንና ያደረጉለትን በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ክዳኑን ገልብጠው እንደ ሐኪም ካርድ ያነቡታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽንን በተመለከተ አይዋሹም። የሚድን ከሆነ «አብሽር» ይሉሃል። የማይድን ከሆነ «ሞቷል፣ አላህ ሌላ ይስጥህ» ብለው እጅህ ላይ ያስቀምጡልሃል። ለማባበል ብለው «እስኪ ለሳምንት ይቆይ» ሲሉ የሰማቸው የለም። እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔ የተዋወቅኋቸው በዳንቴል ምክንያት ነው። ኮሌጅ ጨርሼ የቤት ዲዛይን መሥራት ስጀምር፣ ቤሩት የምትሠራው ሙሉ የምትባለው እህቴ አንድ ትልቅ ላፕቶፕ ላከችልኝ። ለጌም ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ፋን ያለው፣ የፊደል መምቻው ቀይ የሚያበራ ነው። ቀን ቀን የሰው ቤት እነድፍበታለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኳስ እጫወትበታለሁ። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ልጄ በባዕድ አገር ለፍታ የላከችው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም» ብላ ከነጭ ጥጥ ክር ዳንቴል ሠራችለት። አንዱ ከላይ የሚለብሰው፣ አንዱ ከሥር የሚነጠፍ ነው። ቴሌቪዥናችን ለብሷል፣ ፍሪጃችን ለብሷል፣ ላፕቶፑ ምን አድርጎ ይቅር? እኔም እናቴን ላለማስቀየም ከነንጣፉ እሠራበት ነበር። ለነገሩ ያምር ነበር።

በሦስተኛው ወር መጮህ ጀመረ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ጠረጴዛው ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። የሳምንት ሥራዬ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ እንድሪስ ላፕቶፑን አስነስተው መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉና ተስቢሃቸውን በሌላው እጃቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰዓት የሚለኩት በዚያ ነበር። እኔ እንዳጫውታቸው አፌን ስከፍት በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ላፕቶፑ ድርግም ሲል ጣታቸው ያለበትን ዶቃ አዩና «ሁለት ዙር እንኳ አልሞላም» አሉ። «ይሄ ታሟል። ደግሞ በሰዓት ብለካው ጊዜዬ ብቻ ነው የሚሄደው፤ በተስቢህ ስለካ ዚክሩ ይቀርልኛል።»

ከፈቱት። የፋኖቹ አፍ በነጭ የጥጥ ብናኝና በአቧራ ተደፍኗል። በወረንጦ አንዱን ክር ሳብ አድርገው ወደ ብርሃን አነሱት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ምን አልብሰኸው ነው?»

ነገርኳቸው። እንዲያ ሲስቁ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ አንዱ ይህ ነው። ከሥር አየር የሚስብበትን ቀዳዳ አሳዩኝ፤ የእናቴ ንጣፍ ልክ እሱ ላይ ተቀምጦ አፍኖታል። ብናኙን በብሩሽ ጠረጉ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት የሚያስወጣ ቅባት ፍቀው አዲስ ቀቡ፣ ከጎማ ቁራጭ አራት እግር ቆርጠው ከሥሩ ለጠፉለትና ከመሬት ከፍ አደረጉት። ከዚያ እንደገና አስነስተው መዳፋቸውን አሳርፈው ቆጠሩ። ስድስት ዙር ቆጥረው አልሞቀም። «ለእናትህ የእኔን ሰላምታ አድርስላትና ዳንቴሉን ለምድጃ ታልብሰው» አሉኝ። ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ዳንቴል ለብሶ ታፍኖ ነበር፤ ድኗል» ብለው ጻፉ። እናቴ ስትሰማ ተቀየመች፣ ዳንቴሉን አጥባ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከተማው ተያዘ። መውጣት የሚችል ወጣ። እኔ እናቴን ይዤ በእግር የትም ልደርስ አልችልም፤ ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ እግሯም ያብጣል። ቀረን። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወደ ወልድያም ወደ ደሴም መንገዱ ተዘጋ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስልክና ላፕቶፕ ይፈልጉ ስለነበር የእኔን በጎታ ውስጥ ከማሽላው ሥር ቀበርኩት። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚገርመው ቀኑ ነው፤ አያልቅም። በሩን ዘግተህ ትቀመጣለህ፣ ኮቴ ስትሰማ ትነሳለህ፣ ኮቴው ሲያልፍ ትቀመጣለህ። ጓሯችን ከዚያ አጥር እስከዚህ አጥር ሠላሳ አንድ እርምጃ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሰፈሩ ሰው መተንፈሻ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጋሼ እንድሪስ ሬድዮ። ሱቃቸው ተዘርፎ ባትሪውም መሣሪያውም ሄዷል። ቤት ያለው አሮጌ ሬድዮና ለሞባይል መሙያ ያመጧት ትንሽ ሶላር ግን ተርፈውላቸዋል። የባትሪ ደረቅ ድንጋይ ከሱቅ ስለጠፋ ሬድዮዋን በቀጥታ ከሶላሯ ጋር አገናኝተው፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር በጓሯቸው ይከፍቷታል። አሥር አሥራ አምስት ሰው ድምፅ ሳያሰማ ዙሪያውን ይቀመጣል። አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል። ስለ እኛ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ገና ዓለም እንዳለ ታውቃለህ። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ስል ነበር እኔ በበኩሌ ጠዋት ከአልጋዬ የምነሳው።

የእናቴ መድኃኒት ስድስት ብልቃጥ ነበር። ቆጥበን ከተጠቀምንበት እስከ ታኅሣሥ ያደርሰናል። ችግሩ ፍሪጁ ሞቷል፤ መርሳ ደግሞ ሙቀቷን ታውቋታላችሁ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ እየወጋች ሳለ ጉልበቷ መክዳት ጀመረ። ውኃ በጆግ ትጠጣለች፣ አሁንም ይጠማታል። መድኃኒቱ ሞቆ ተበላሽቶ ኖሯል። ገና ያልተከፈቱት አምስቱም በዚያው መሳቢያ ቢቆዩ ያው ነው የሚሆኑት፣ እነሱ ከተበላሹ ደግሞ እናቴ የለችም። ሌላ መድኃኒት የሚመጣበት በር አልነበረም።

ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ ሶላራቸው ፍሪጅ ታስነሳ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሶላሯ ከእንጀራ ሰሐን አትበልጥም፤ መጠየቄ ራሱ ጭንቀቴን ያሳያል። አልሳቁብኝም።

«መድኃኒቱ ምን ያህላል?»

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው።

«ታዲያ አውራ ጣት ለምታህል ነገር ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል? ሙቀት ማባረር እኮ ሥራዬ ነው። ላፕቶፕህን አምጣው፣ ሁለቱን ፋኖች እፈልጋቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነበር? «አሁኑኑ!» አይደል? እኔ ግን «ነገ» አልኩ። ላፕቶፑ የእህቴ የሁለት ዓመት ልፋት ነው፤ መንገድ ሲከፈት የምበላበትም እሱ ብቻ ነው። ፋኑ ከወጣ ሬሳ ነው። ሌላ ዘዴ አላጣም ብዬ ብልቃጦቹን አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ፣ ውኃ ውስጥ ነከርኩ። በነጋታውም «ነገ» አልኩ። እሳቸው አላስቸኮሉኝም። «ዕቃው ያንተ ነው፤ እኔ የምችለውን ነው የነገርኩህ» ብቻ አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እናቴ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጎን ዘንበል አለች። ደግፌ ሳነሳት በእህቴ ስም ጠራችኝ። «ሙሉ፣ መቼ መጣሽ?» አለችኝ። ጎታውን በእጄ እየዛቅሁ ላፕቶፑን አወጣሁ።

እሱን ይዞ መንገድ መውጣት አይሞከርም፤ ሰው ላክሁባቸውና እሳቸው መጡ። ሶላሯን በመስገጃቸው ጠቅልለው፣ ከብብታቸው ሥር ይዘው፣ እንደ ሰጋጅ ሰው ቀስ እያሉ በፍተሻው መሀል አለፉ። ቢያዙ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አሁንም ማሰብ አልወድም። ከሰው የምትበልጥ ነገር ነበረች ያቺ ሶላር በዚያ ጊዜ።

«ጋሼ፣ እርሶስ? ሬድዮውስ?» አልኳቸው።

«ሌላ አለኝ» አሉ። «ይቺ ትርፌ ናት።»

አመንኳቸው። ለምን አላምንም? ማሽንን በተመለከተ አይዋሹማ።

ላፕቶፑን እንደ ደንባቸው ፊቴ ፈቱት። ክዳኑን ገልብጠው ያቺን የእርሳስ ጽሑፍ አነበቡና ፈገግ አሉ። መብራት ስለሌለ ሚስማር በከሰል አግለው በዚያ ነው የበየዱት። ሁለቱን ፋኖች አውጥተው ከሶላሯ ጋር ሲያገናኙ ዞሩ። ኳስ ስጫወት የነበረው ያው ድምፅ ነው። አፉ የተሰበረ ጋን አስመጡ፣ ትንሽ ማሰሮ ውስጡ አስቀመጡ፣ በሁለቱ መሀል አሸዋ ሞልተው አራሱት። አምስቱን ብልቃጦች በላስቲክ አድርገው ማሰሮው ውስጥ ከተቱ። እርጥቡ ላይ ነፋስ ሲነፍስበት እንደሚቀዘቅዝ፣ ፋኖቹ የሚያስፈልጉት ለዚያ እንደሆነ አስረዱኝ። የቀረው የጋኑን አፍ የሚሸፍን ጨርቅ ነው። ነጠላ ሞከርን፣ ተጣብቆ ነፋስ ከለከለ። ጆንያ ሞከርን፣ ውኃውን ቶሎ ጣለው። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ስታየን ቆየችና እየተንገዳገደች ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዳንቴሉን ይዛለች።

«ይሄስ?» አለች።

ሁለተኛው ሳቃቸው ይህ ነው። ዕንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ ከደጅ እንዳይሰማ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ሳቁ። እናቴ ኮስተር ብላ «ያኔም ልብስ ነው ብያለሁ» አለች። ነክረው አለበሱት። የጥጡ ክር ውኃውን ያዘ፣ ቀዳዳው ነፋሱን አሳለፈ፤ ልክ ለዚያ የተሠራ ይመስል ነበር። እጃቸውን ማሰሮው ውስጥ ሰድደው ተስቢሃቸውን ቆጠሩ። ዳንቴሉ እስኪደርቅ ስንት ዙር እንደሚፈጅ ለክተው ለእናቴ ነገሯት። እሷ ደግሞ በራሷ መቁጠሪያ መነዘረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጋኑ አጠገብ ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ እየጸለየች፣ መቁጠሪያው በዞረ ቁጥር ዳንቴሉን ታርስ ነበር። ሌሊት ሌሊት ብርድ ስለሚገባ ፋን አያስፈልግም። አዲስ ብልቃጥ ከፍታ በወጋች በጥቂት ቀን ጥማቷ ቆመ፣ በስሜ ጠራችኝ።

በዚያው ሳምንት የጋሼ እንድሪስ ሬድዮ ተበላሸ።

ቀትር ላይ እንደ ልማዳችን ስንሄድ ጓሯቸው ባዶ ነው። ሬድዮዋ እምቢ እንዳለቻቸው ነገሩን። በነጋታውም እምቢ አለች። በሳምንቱም። አቤት የሰው ንዴት! በዚያ ጊዜ ወሬ ከምግብ አይተናነስም ነበርና ሰው ተቆጣ፣ ኋላ ቁጣው ወደ ፌዝ ዞረ። መታጠፊያው ላይ ፀጉር የሚያስተካክለው ሙሄ የተባለ ጎረቤታችን «የአገሩን ሬድዮ ሁሉ ፈትቶ ፈትቶ፣ በስተርጅና የራሱ ታቅተው?» እያለ ያስቀን ነበር። እጃቸው ከድቷቸዋል ተባለ። ዓይናቸው ፈዟል ተባለ። እንዲያውም ድሮም ቢሆን በግምት ነበር የሚሠሩት ያለም አለ።

እኔስ? እኔ፣ በሳቸው እጅ እናቴ በሕይወት ያለችልኝ ሰውዬ፣ አብሬ ሳቅሁ። አንድ ቀን እንዲያውም በር ላይ አግኝቻቸው «ጋሼ፣ ሬድዮዋን ለሌላ ጠጋኝ እንስጣት እንዴ?» አልኳቸው። እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ትንሽ አገላበጡት።

«አረጀሁ መሰለኝ ይመር» አሉኝ። «እናትህ እንዴት ናት? ዳንቴሉን ታርሳለች?»

ደህና ናት አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ገቡ። ሁለቱን ነገር ማገናኘት የሚችል ጭንቅላት አልነበረኝም። ወይም ማገናኘት አልፈለግሁም፤ እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። የመጨረሻው ብልቃጥ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ነበር። ሶላሯን መለስኩላቸው፣ በመስገጃቸው ጠቅልለው ወሰዷት። መብራትና ኔትወርክ ሲመጣ ሬድዮ የሚፈልግ ሰው ጠፋ፣ ነገሩም ተረሳ። ስማቸው ግን እንደ ወደቀ ቀረ። ሰው የተበላሸ ዕቃውን ወደ ወልድያ መውሰድ ጀመረ። ጋሼ እንድሪስ ሱቃቸውን ጠግነው ከፈቱ፤ ባዶ በርጩማ አስቀምጠው ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ይውሉ ነበር። አንዳንዴ ባትሪ የጨረሰ የልጆች መጫወቻ ይመጣላቸዋል። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አብሽር ይሉኛል።

እህቴ በኋላ ሌላ ላፕቶፕ ላከችልኝ። ይሄኛውም ያው የጌም ነው፣ ያው ሞቀ። ወልድያ ቤት የሚያሠራ ደንበኛ ስለነበረኝ፣ ከሞቱበት ቀን በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ቦርሳዬን አንግቼ ወደ መኪና ስሄድ በሱቃቸው በር አለፍኩ። ቦርሳውን አዩት።

«ሞቀብህ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነው ጋሼ፤ ለሥራ ነው የምወስደው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ደህና ግባ። ሲሞቅብህ አምጣው።»

በነጋታው ጠዋት ማረፋቸው ሲነገረኝ እኔ የዚያ ወጣት ባንኮኒ ላይ ነበርኩ።

መርሳ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ተጥሎ ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ ሙሄም አለ። እናቴ ውስጥ ከጋሼ እንድሪስ ባለቤት ከእትዬ ዘሃራ ጎን ተቀምጣ ክንዳቸውን ይዛለች። «አላህ ያጽናዎት» ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ግድግዳው ጥግ ሶላሯ ተደግፋ ቆማለች፤ ጥጓ ላይ ያለው ስንጥቅ እኛ ቤት የተሰነጠቀ ስለሆነ ለየኋት። ዝም ከምል ብዬ «ይቺ እኛ ጋ የነበረችው ናት፤ ሌላዋስ?» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ዞረው አዩኝ።

«የቷ ሌላዋ?»

«ለሬድዮው ያስቀሯት። ሁለት ነበረቻቸው አይደል?»

«ልጄ፣ በዚህ ቤት ሁለት ሶላር ኖሮን አያውቅም።»

እናቴ ክንዳቸውን ለቀቀች። «ምነው ያኔ ሳትነግሩኝ?» አለች። እትዬ ዘሃራ እኔማ ለምኜው ነበር አሉ፤ ቢያንስ ለሙሄ ንገረው፣ ስምህን አፈር አደረጉት ብዬዋለሁ አሉ። ጋሼ እንድሪስ ግን እንቢ ብለው ነበር። እት ጥሩወርቅ ከሰማች በዚያው ቀን ሶላሯን ትመልሳለች፣ ሰፈሩ ከሰማ ደግሞ ወሬው ፍተሻ ዘንድ ይደርሳል፣ ሶላሯም ማሰሮውም ይሄዳሉ ብለዋቸዋል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላስ? «አሁን ብናገር ውለታ ይሆንባታል አለ። የእጄን ነገር አላህ ያውቀዋል አለ።»

ሬድዮዋ መደርደሪያ ላይ ነበረች። ፈቃድ ጠይቄ አወረድኳትና የኋላ ክዳኗን ከፈትኩ። በእርሳስ የተጻፈው ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ድምፅ ማጉያ ተቀይሯል፣ ሽቦ ተበይዷል፣ ማብሪያው ጸድቷል። የመጨረሻው ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ፊደል የለም። ያልታመመች ሬድዮ ምን ይጻፍባታል?

እትዬ ዘሃራ ደረቅ ድንጋይ ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቁኝም። ሬድዮዋን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁና መሀል ላይ፣ የእሳቸው በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ሰው እንደኔ መናገር የማይችል ሰው ሲነሳ ምን ሊል ነው ብሎ ነው ያየኝ።

«ይቺ ሬድዮ ተበላሽታ አታውቅም» አልኩ። «ያን ሦስት ወር ሶላሯ እኛ ቤት ነበረች። የእናቴን መድኃኒት ስታቀዘቅዝ ነበር።»

ሌላም ልናገር ፈልጌ ነበር። ስለ ቦርሳዬ፣ ስለ ወልድያ፣ አብሬ ስለ መሳቄ። ግን ድንጋዩን ብቻ ሬድዮዋ ውስጥ ከተትኩ። ሙሄ ጫማውን ያያል። በለቅሶ ቤት ሬድዮ መክፈት ትልቅ ነውር እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከፈትኳት። አንዲት ሴት የገበያ ዋጋ ታነባለች፣ ስለ ማሽላና ስለ ሽንኩርት፣ ድምጿ ከጎናችን የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ነበሩ፣ ሸሆቹ ነበሩ፣ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ማንም ዝጋት አላለኝም።